ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ግጥምና ፎቶ የማን ነው? ከጎጃም የተነሳ ዳሰሳ

ደብረ ማርቆስም ሂዱ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣም ሂዱ ባሕር ዳር፣ ግጥም ወዳዱ፣ ፎቶ አንሺው፣ ንብ አርቢው የየራሱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ደመወዝ የለ፣ ውል የለ። አንዱ ሌሊት የጻፈውን ግጥም ይለጥፋል፣ ሌላው የጮቄን ጭጋግ ወይ የጣናን ታንኳ ፎቶ ይለቃል። ሰላሙ የሚደፈርሰው አድሚኑ «መድብል እናሳትም» ያለ ቀን፣ ወይም የአንዱ የጢስ ዓባይ ፎቶ የሆቴል ባነር ላይ ሲገኝ ነው።

ባለቤቱ የሠራው ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተገለበጠ) ከሆነና ከተጻፈ፣ ከተቀዳ ወይም በሌላ መንገድ ከተቀረጸ ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ ፎቶ ግን የሚጠበቀው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲወጣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ሲይዝ ነው። ምዝገባ ግዴታ አይደለም፣ ማኅተምም አያሻም። ማሻሻያው፣ አዋጅ 872/2007፣ በዋናነት ሮያሊቲን፣ ማለትም ሰው በሥራው ሲጠቀም ለባለመብቱ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ በጋራ ስለሚሰበስቡ ማኅበራት ነው፤ ለትርፍ ጊዜ ጸሐፊ ብዙም የሚለውጥለት ነገር የለም።

አድሚኑስ? ግሩፑን ስለከፈተ የግጥሞቹ ጌታ አይሆንም። አንድ ሰው ወይም ድርጅት ራሱ አስጀምሮ፣ ራሱ እየመራ፣ በስሙ እንደሚወጣ ታውቆ ያሠራው ሥራ ከሆነ ሕጉ ባለቤትነቱን ለእሱ ይሰጣል። ማታ ሲመቸው ስንኝ የሚቋጥር አባል ግን በማን ተመርቶ ነው? መብት ለሌላ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው፤ «ሲለጠፍ ዝም ብሏል» የሚባል ውል የለም። ፌስቡክን የመሰሉ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ሥራው ያንተ ነው ይላሉ፤ በሥራው ለመጠቀም ግን ሰፊ ፈቃድ ያስፈርሙሃል፣ አንብበነው ባናውቅም።

ሁሉ ነገር ግን አይጠበቅም። ሐሳብ፣ ዘዴና አሠራር ለማንም ክፍት ነው። አንድ ንብ አርቢ አዲስ ቀፎ በወይራ ጭስ እንዴት እንደሚታጠንና ዛፍ ላይ እንደሚሰቀል ቢጽፍ፣ ማጠኑ የሁሉ ነው፣ አንብቦ መሥራት ይቻላል። የጻፈበትን አገላለጽ እንዳለ ገልብጦ በራስ ስም ማውጣት ነው የተከለከለው።

ጎጃም ላይ ነገሩን የሚያስገርመው ቅኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ቤት ስማቸው የታወቀ ነው። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ አውጥቶ፣ ለመምህሩ ይነግራል። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ያፍራታል፣ ጓደኞቹ ለረጅም ጊዜ አይለቁትም። የሌላ ሊቅ ቅኔ ሲነሳም «እገሌ እንዲህ ተቀኙ» ተብሎ ነው። በአዋጁ መሠረት ግን ተነግሮ ብቻ ያለፈ፣ ያልተጻፈና ያልተቀዳ ቅኔ ጥበቃ የለውም! በስልኩ የቀዳው ሰው ደግሞ ስለቀዳ ባለቅኔ አይሆንም። በዚህ በኩል ከአዋጁ ይልቅ ቅኔ ቤቱ ይጠብቃል ባይ ነኝ። እዚያው አገር አድገን ግን ግጥም ስክሪንሾት አድርገን፣ ስሙን ቆርጠን፣ ከሥሩ «ከፌስቡክ መንደር የተወሰደ» ብለን እንለጥፋለን። መንደር ግጥም አይጽፍም። ስም የመጠራት መብት ሥራው ቢሸጥ እንኳ ከደራሲው አይወሰድም፤ በብዕር ስም መውጣትም፣ ስሙ እንዳይጠራ መፈለግም መብቱ ነው። ጠቅሶ መጻፍ ይፈቀዳል፣ በልኩ ከሆነና ምንጩና ደራሲው ከተጠሩ።

ዕድሜውም ይለያያል። የጽሑፍ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። የጎጃሙ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ስለሆነ የሥራዎቻቸው መብት እስከ 2046 ይዘልቃል። የፎቶ ግን ከተነሳበት 25 ዓመት ብቻ ነው። የሞተ አባል ግጥሞች ለመታሰቢያ ይታተሙ ከተባለ እንግዲህ የሚጠየቁት ቤተሰቦቹ ናቸው፣ ግሩፑ አይደለም።

ክርክር ሲመጣ የሚያስቸግረው ማስረጃ ነው። ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ ጽሑፍ፣ ላኪው ካልደበቀው፣ የመጀመሪያውን ሰው ስም ይዞ ይሄዳል፤ ኮፒ ተደርጎ የተለጠፈ ግን ባዶውን ነው። ለፎቶ ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ማስቀመጥ ነው፣ የታመቀውን አይደለም። መድብል ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የትኞቹ ግጥሞች፣ በማን ስም፣ ስንት ቅጂ፣ ሽያጩ ቢያተርፍ ብሩ ለማን፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ፊርማ።