ትልቅ ጎማ ስለ መግጠም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ መያዝ ሲጀምር፣ በባሕር ዳር ጋራዦች ደጃፍ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይሰማል፤ «ይህች መኪና ሠላሳ አምስት ጎማ ትችላለች?» ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ከወረታ አስፋልት ወርደው በጣና ዳር ወዳሉት የሩዝ መንደሮች የሚመላለሱ የፒካፕና የላንድክሩዘር ባለቤቶች በመሆናቸው ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ የሚመጣው ግምት ነው፤ ጎማው ከገባ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ለማነጻጸር እንዲመች ሁለት ጎማዎችን እንያዝ። አንደኛው በብዙ ሃይሉክሶች ላይ የሚታየው 265/65 አር 17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። ሲሰላ የጎማው ሙሉ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ቁመቱ ወደ 35 ኢንች ስለሚጠጋ በተለምዶ «ሠላሳ አምስት» የሚባለው 315/70 አር 17 ሲሆን ቁመቱ 873 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ 97 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ቁጥር ነው።

«ባሌስትራውን ከፍ ካስደረግሁ ሆዷ ከመሬት ይርቃል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። የላንድክሩዘር 70 ሞዴሎች ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ክፍል አላቸው፤ ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻልም እዚያው አክስሉ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ባሌስትራው ወይም ሞላው ሲረዝም የሚነሣው ሻንሲውና ከእሱ በላይ ያለው አካል እንጂ፣ መንገድ ላይ ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል አይደለም። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው፤ ጎማውም ቢሆን የሚያነሣው የቁመት ልዩነቱን ግማሽ፣ በምሳሌያችን 48 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሦስት ጣት ያህል ነው። ሦስት ጣት ትራክተር በቦረቦረው መንገድ ላይ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ክንድ ያገኘ መስሎት ነው።

መኪናውን ከፍ ማድረግ በእውነት የሚጠቅመው ጎማው ሲታጠፍና ወደ ላይ ሲገፋ ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይፋተግ ነው። ይህም የሚፈተነው መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሳይሆን፣ አንዱ የፊት ጎማ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቶ መሪው እስከ መጨረሻው በሁለቱም አቅጣጫ ሲዞር ነው። በጋራዡ ግቢ ምንም ያልነካ ጎማ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ ሊቦጭቅ ይችላል። ከዚህም በላይ እንደ ሃይሉክስ ያሉ የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ መኪኖች ከልክ በላይ ከፍ ሲደረጉ፣ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚወስዱት ዘንጎች ተጣመው ስለሚሠሩ የመገጣጠሚያዎቻቸው ላስቲክ ሽፋን ቶሎ ይቀደዳል፤ ጭቃ በገባበት መገጣጠሚያ ደግሞ ብዙ መንገድ አይኬድም።

«ሞተሩ ናፍጣ ስለሆነ ጉልበት አያንሰውም»

ጎማው በ12.5 በመቶ ሲያድግ እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው ልክ ይከብዳል። በአንደኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት ፍሪሲዮን እያቃጠሉ የሚወጡት ዳገት ይሆናል። በእኛ አካባቢ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። በብዙ ላንድክሩዘሮች ውስጥ የሚገኘው 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም፤ ስለዚህ ትልቁ ጎማ ከመገጠሙ በፊት እንኳ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ጣና ዳር ላይ አጥቷል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጉና ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ያጣል።

መፍትሔው የዲፈረንሻሉን ጥርስ መቀየር ነው። 4.1 የነበረ፣ ማለትም ከሞተር የሚመጣው ዘንግ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞርበት ዲፈረንሻል፣ የቀድሞ ጉልበቱን ለመመለስ 4.6 አካባቢ ያስፈልገዋል፤ በገበያ ለዚህ የሚቀርበው 4.56 ነው። እዚህ ላይ ቁጠባ የሚባል ነገር አይሠራም፤ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል በአንድ ላይ ካልተቀየሩ በስተቀር፣ ፎር ዊል ድራይቭ በገባ ጊዜ የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ለመሄድ ሲታገሉ ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ትራንስፈር ይሰባብሩታል። የሁለቱን ጥርስ ለመቀየር አቅም የሌለው ሰው ሠላሳ አምስቱን ትቶ 285/70 አር 17 ቢገጥም ይሻለዋል የሚል እምነት አለኝ፤ የእርሱ ልዩነት 7 በመቶ ብቻ ስለሆነ ብዙ መኪኖች በነበራቸው ጥርስ ይሸከሙታል።

«ፍሬኑ ከጎማው ጋር ምን አገናኘው?»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ አመለካከት ይህ ነው። ፍሬኑ የሚይዘው ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ሲሆን መኪናው የሚቆመው ግን በጎማው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር በእኩል የፔዳል ግፊት የሚገኘው የማቆም ኃይል ይቀንሳል፤ በምሳሌያችን 11 በመቶ ያህል ይጎድላል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ትልቅ ጎማ ከቀድሞው ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ሊከብድ ይችላል፤ ያ ክብደት ደግሞ የሚሽከረከር በመሆኑ ለማስነሣትም ለማቆምም ያስቸግራል። ዲፈረንሻሉ ካልተቀየረ ማርሽ ቀንሶ መያዝም ይደክማል። ይህን የዘነጋ አሽከርካሪ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ሁሉንም ሸክም በፍሬን ሸራው ላይ ጥሎ ሸራው ሲሸት ይደርስበታል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። በድሮ ፒካፔ ላይ የኋላውን ባሌስትራ ከፍ አስደርጌ በወጣሁ በሳምንቱ የኋላ ፍሬኑ የሌለ እስኪመስል ድረስ ላላብኝ፤ ከፍ ያደረገልኝ ጋራዥ ሸራውን ቀይር አለኝ፤ ቀየርሁ፤ ለውጥ አልነበረም። በኋላ አንድ ሌላ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ አንዲት ቀጭን ክንድ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺ ዝም ብላ የተሰቀለች መሰለዎት?» አለኝ። ክንዷ ጭነትን የሚለካው የፍሬን ቫልቭ አካል ነበረች። መኪናው ሲጫን የኋላው ዝቅ ስለሚል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይፈቅዳል፤ ከፍ ሲል ግን ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ባሌስትራው ሲነሣ ክንዷ አብራ አልተስተካከለችም ነበርና፣ ሙሉ ጤፍ የተጫነውን መኪናዬን ቫልቩ ባዶ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ማስተካከሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

«ለጭቃ ሰፊ ጎማ ነው የሚያስፈልገው»

እንደ ጭቃው ነው። የፎገራ ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥና እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነው፤ በጎማው ጥርሶች መካከል ሞልቶ ጎማውን የተመረገ ግድግዳ ያስመስለዋል፤ እንዲህ የሆነ ጎማ ደግሞ ስፋቱ 235 ሆነ 315 አይይዝም። ጭቃውን የሚያራግፈው በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስስ ልፍስፍስ ጭቃ ከላይ ኖሮ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ፣ ጠባብ ጎማ ቆርጦ ታቹን ስለሚያገኝ የተሻለ ይሄዳል፤ ታች በሌለው ጥልቅ ረግረግ ግን ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል። ከሁለቱም በላይ ርካሹ መሣሪያ ነፋስ ነው። ከ35 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ወደ 20 የወረደ ጎማ መሬቱን የሚነካበት ርዝመት በግልጽ ይጨምራል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ግን ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ነፋሱን የሚያወርድ ሰው አስፋልት ከመውጣቱ በፊት የሚሞላበት ኮምፕረሰር ይዞ መሄድ አለበት።

«ትልቅ ጎማ ያለው መኪና ጉማራን ይሻገራል»

ጉማራና ርብ በክረምት ሞልተው ሜዳ ላይ ሲወጡ ይህን የሚሞክር አይጠፋም። ጎማው የአየር ማስገቢያውን ያነሣው በሦስት ጣት ብቻ ነው፤ በሌላ በኩል ነፋስ የተሞላ ሰፊ ጎማ ውኃ ላይ መንሳፈፍ ስለሚወድ፣ ጎርፉ መኪናውን ቀድሞ ያነሣዋል። የተሻገረም ቢሆን አልዳነም፤ የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚሰበሰብ በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። በማግሥቱ ዘይቱ ተፈትቶ ሲታይ ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ካለው ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ መተንፈሻውን በቱቦ ወደ ላይ መሳብ ይህን ያስቀራል።

«ከትልቅ ጎማ ወዲህ ነዳጅ እጥፍ ትበላለች»

ይጨምራል፤ ግን የሚታየውን ያህል አይደለም። ቆጣሪው አሁንም በትንሹ ጎማ ስለሚቆጥር 400 ኪሎ ሜትር ሲል በእውነት 450 ተሂዷል። 50 ሊትር የተቃጠለ ከሆነ በሊትር 8 ሳይሆን 9 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያው ስሌት ፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው በ90 እየሄደ ነው፤ በየ5,000 የሚቀየረው ዘይትም ሳይታወቅ 600 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎታል።

«ስኮርታው ያው የድሮው ይሁን»

ስኮርታው፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማው፣ የድሮው ሊሆን አይችልም። በኋላ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ጎማ ያለው መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዲፈረንሻሉን ያለማቋረጥ ያሠራዋል። ትልቁ ስኮርታ ደግሞ ከሥር በነበረው መስቀያ ስለማይገባ ቦታ ሊፈለግለት ይገባል። የሚረሳው ግን ክሪኩ ነው፤ ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ከፍ የተደረገውን አካል ላያነሣው ይችላል። ይህን በናበጋ መንገድ ላይ ከዝናብ በታች ከማወቅ፣ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ጎማ ፈትቶ መልሶ በመግጠም አስቀድሞ ማየት ይሻላል፤ ሥሩ የሚነጠፍ ሰፊ ጣውላም አብሮ ይጫን፤ ዋልካ ላይ ክሪኩ መኪናውን ከማንሣቱ በፊት ራሱ ይሰምጣልና።