ማንበብ ለከበዳቸው ልጆች፦ የንባብ ማጠናከሪያ ከየኔታ ደጅ እስከ ዛሬው ክፍል

«ሪሚዲያል» (የማካካሻ ትምህርት) ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ዩኒቨርሲቲ ነው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ሚኒስቴርም ካላለፉት ውስጥ ሻል ያለ ውጤት ያላቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለወራት እንዲያካክሱ አደረገ። ቃሉ በየቤቱ የገባው ያኔ ነው። ችግሩ ግን 12ኛ ክፍል ላይ አልተወለደም።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ለክፍላቸው ከተዘጋጀ አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ሆነው ተገኙ። ከ3ኛ ክፍል ደግሞ 20 በመቶ። እነዚህ ትምህርት ቤት ያልሄዱ ልጆች አይደሉም። ደብተር ይዘው፣ ዩኒፎርም ለብሰው፣ በየጠዋቱ ተሰልፈው የሚገቡ ናቸው።

እንዴት ሆነ? ክፍሉ ይጨናነቃል፣ መጽሐፉ አይዳረስም፣ ብዙ ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው የሚያስተምረው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ እንዳይደግም የሚል ለዓመታት የተሠራበት አሠራርም አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ሕፃን ወድቆ ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር ነው። ግን ያላወቀውን ልጅ መለስ ብሎ የሚያግዘው ከሌለ፣ ጉድለቱን ይዞ 4ኛ ክፍል ይገባል። እዚያ ደግሞ ሳይንሱም ሒሳቡም በንባብ ነው።

አንድ ሌላ ምክንያት ፊደላችን ውስጥ አለ። ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ ይወጣዋል። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ እስከ ፐ ሲደርስ እናት ደስ ይላታል። መሀል ላይ ያለችውን «ቴ» ለብቻዋ ስታሳዪው ግን ዝም ይላል፤ ወይ ከ«ተ» ጀምሮ እየቆጠረ ይደርስባታል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀማ።

ይህን የቄስ ትምህርት ቤት ድሮ ነቅቶበታል። አቦጊዳ የተባለው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ ፊደሉን ወደ ጎንም ወደ ታችም ከቆጠረ በኋላ፣ የኔታ ተራውን በሙሉ ያፈርሱበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለወጥ የለመደው ዜማ አያድነውም። በስንደዶ እየነካ፣ እያየ መጥራት አለበት። ከዚያ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ፊደል በፊደል ይቆጥራል፣ ቀስ እያለም ውርድ ንባብና ቁም ንባብ ወደሚባሉት የንባብ ደረጃዎች ይሻገራል። አንዱን ሳያጠራ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ዕድሜው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያላወቀውን ደግሞ ቀድሞት የሄደ ልጅ ያስቀጽለዋል። አለንጋው ይቅርብን እንጂ፣ አካሄዱ ዛሬ በየአገሩ እንደ አዲስ ግኝት የሚወራው «ልጁን ካለበት ደረጃ አስተምሩት» የሚባለው ነው።

የዛሬው ማጠናከሪያ ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት ወይም ከክፍል በኋላ የሚሰጠው ያው የክፍሉ ትምህርት ነው፣ በይበልጥ የፈተና ጥያቄ። የቤት አስጠኚውም የቤት ሥራ አሠርቶ ይሄዳል። ጠዋት ያልገባው ልጅ ከሰዓትም ያንኑ ይሰማል።

ካለበት የጀመሩም አሉ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው «ስፒድ ስኩል» ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን ሰብስቦ የሦስት ክፍል ትምህርት በ10 ወር ያስጨርሳል። ክፍሉ 30 ልጅ ገደማ ነው። ፊደል በጭቃ ይሠራል፣ ሒሳብ በሱቅ ጨዋታ ይሰላል፣ ከዚያ ልጁ መደበኛ ትምህርት ቤት ይመለሳል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ኋላም በሐዋሳ አካባቢ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያዞረ አስነበበ። ፊደል የለየ ልጅ የሚያነበው ካጣ መልሶ ይረሳዋልና።

ፊደል ከተለየ በኋላም አንድ ጉድባ ይቀራል። ጽሕፈታችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ዋና» መዋኘትም ነው፣ ትልቁም ነገር ነው። «አለ» መናገርም ነው፣ መኖርም ነው። አንድ በአንድ እየለቀመ የሚያነብ ልጅ «ገና አልበላሁም» የሚለውን እንደ በዓሉ አጥብቆ ያነበዋል። ፊደል አልሳተም፣ ትርጉሙ ግን አመለጠው። ደህና አስተማሪ እዚህ ላይ አይቆጣም። መጽሐፉን ያስዘጋና «እስቲ እቤት ለእናትህ እንደምትነግራት በለው» ይለዋል። ልጁ በአፉ አላልቶ ይለዋል፤ ከዚያ ገጹን ገልጦ እንደገና ያነባል።