ሲኮች፦ ጥምጥሙ፣ ሰይፉና የተሳሳተው ግምት

ጥምጥም የጠመጠመ፣ ጢሙን ያሳደገ ህንዳዊ ሲያልፍ አንዱ «ሙስሊም ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ሂንዱ ነው» ብሎ ያርመዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሲክ እምነት ከ500 ዓመት በፊት ገደማ በህንድ ክፍለ አህጉር ሰሜን፣ በፑንጃብ ምድር የተነሣ፣ የራሱ መጽሐፍና ሥርዓት ያለው ሃይማኖት ነው። መሥራቹ ጉሩ (መምህር ማለት ነው) ናናክ እ.ኤ.አ. በ1469 የተወለዱበት ስፍራ ዛሬ በፓኪስታን ይገኛል። ስሕተቱ ሕይወት አስከፍሏል፦ እ.ኤ.አ. በ2001 የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች በተመቱ በአራተኛው ቀን፣ አሪዞና ውስጥ አንድ ታጣቂ ጥምጥም ያሰረ ሲክን ዐረብ ሙስሊም መስሎት ገደለው። ሙስሊም ቢሆንስ ኖሮ ያው ግፍ አልነበረምን?

«ብዙ አማልክት አላቸው» የሚለውም ሐሰት ነው። መጽሐፋቸው የሚከፈተው «ኢክ ኦንካር» ብሎ ነው፤ አምላክ አንድ ነው ማለት ነው። ለምስል አይሰግዱም። አሥረኛው መምህር ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1708 ከማረፋቸው በፊት ጉሩነቱን ለሰው ሳይሆን ለመጽሐፉ አስረከቡ፤ በፊቱ የሚያጎነብሱትም ስለዚህ ነው። በዚያ መጽሐፍ የሙስሊሙ የሼኽ ፈሪድ ቅኔ ጭምር መካተቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከሁሉ የከበደው ሐሜት በኪርፓን፣ በታጠቁት አጭር ሰይፍ ላይ ያረፈው ነው። «የጠብ መሣሪያ» ይሉታል። ኪርፓን እ.ኤ.አ. በ1699 አናንድፑር ላይ ኻልሳ የተባለው ማኅበር ሲመሠረት ከታዘዙት አምስት ምልክቶች አንዱ ነው፤ የቀሩት ያልተቆረጠ ጸጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባርና ልዩ የውስጥ ሱሪ ናቸው። የታጠቀው ሰው ግፍን ለመከላከል፣ ደካማውን ለመጠበቅ ቃል ገብቷል። የጎቢንድ ሲንግ አባት ጉሩ ቴግ ባሃዱር እ.ኤ.አ. በ1675 ዴልሂ ላይ አንገታቸው የተቀላው፣ ሲኮች እንደሚተርኩት፣ የራሳቸው ላልሆነው ለሂንዱዎች እምነት ነጻነት ቆመው ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰይፉን በሌላ ዐይን ያያል።

ጥምጥሙ ራሱ ከአምስቱ አይቆጠርም፤ ጸጉሩን የሚጠብቅ ነው። በእኛ ዘንድ ጥምጥም የካህን ነው፤ በእነርሱ ግን ማንኛውም ምእመን ሊጠመጥመው ይችላል፣ ሴቶችም ቢሆኑ የሚጠመጥሙ አሉ። አምስቱን ሁሉ የማይጠብቁ ሲኮችም ብዙ ናቸው።

«ባዕድ አያስገቡም» የሚል ሰው በህንድ አምሪትሳር ከተማ ያለውን የሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ አያውቅም። በሩ በአራቱም ማዕዘን ነው። ጫማውን አውልቆ ራሱን የሸፈነ ሁሉ ይገባል፤ ላንጋር በሚባለው ማዕድ ባለጠጋውም ለማኙም ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በነጻ ይበላሉ።