አዲስ ወይም ተፈቶ የተሠራ ካምቢዮ ማለማመድ

አዲስ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ወይም ተፈቶ የተሠራ ካምቢዮ ሙሉ ጭነት ከመሸከሙ በፊት ለጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በለዘብታ መነዳት አለበት። ጋራዥ ውስጥ ሮዳጅ (ማለማመድ) ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ሞተርን ነው፤ የካምቢዮው ነገር ይዘነጋል። እርግጥ ካምቢዮ እንደ ሞተር ፒስተንም ፋሻም (የፒስተን ቀለበት) የለውም። ነገር ግን ጥርስ ከጥርስ፣ ሸራ (በመፈተግ የሚይዝ ሽፋን) ከብረት፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከም ቀለበት) ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ዕቃ ነው። እነዚህ ክፍሎች በልክ ተሠርተው ቢገጠሙም በደንብ የሚዋደዱት ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ከፋብሪካ የወጣ የማርሽ ጥርስ በዓይን ሲያዩት ልስልስ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ግን ጉብታና ጎድጓዳ ሞልቶበታል። በሁለት ጥርሶች መካከል የሚያልፈው የዘይት ሽፋን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ብዙም አይዘልም። የጉብታዎቹ ቁመት ወደዚሁ ስለሚጠጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብረት ከብረት ይነካካል። ጭነቱ ቀላል ከሆነ ጉብታዎቹ ቀስ በቀስ ይዳመጡና ጫናው በሰፊ ገጽ ላይ ይከፋፈላል። ጭነቱ ከበድ ካለ ደግሞ የሚነካካው ቦታ በቅጽበት ይግላል፤ ብረቱ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቧጨራል። የማርሽ ብረት የላይኛው ገጹ በካርቦን ተጠናክሮ ውስጡ እንዳይሰበር ለስለስ ብሎ እንዲቀር ተደርጎ ይሠራል። ጠንካራው ሽፋን ስስ ነውና አንዴ ከተላጠ ምንም ዓይነት ጥንቃቄ አይመልሰውም።

በዚህ ምክንያት ያረጀን ማርሽ ከአዲስ ጋር ማጣመር አይመከርም። አብረው የኖሩ ጥርሶች አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይዘዋል፤ አንዱ ብቻ ሲቀየር አዲሱ ከተበላው ጋር ሲታገል ድምፅ ያወጣል፣ ቶሎም ያልቃል። ዋጋው ቢከብድም ጥንዱን አብሮ መቀየር ይሻላል።

በማኑዋል ካምቢዮ መጀመሪያ የሚለማመደው ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው ዕቃ) ነው። አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ቮላኖው (ሞተሩ ላይ ያለው ከባድ ዲስክ) ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፤ ገጹ እስኪስተካከል ድረስ የሚይዘው በከፊል ነው። ብዙ የፍሪሲዮን አምራቾች ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የከተማ ውስጥ መንዳት ይመክራሉ። የከተማ ውስጥ የተባለው በምክንያት ነው፤ ሸራው የሚለማመደው ማርሽ በሚቀየርበትና መኪናው በሚነሳበት ጊዜ ነው። አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ማርሽ 300 ኪሎ ሜትር የተጓዘ መኪና ፍሪሲዮኑን ከጥቂት ጊዜ በላይ አልሠራበትም፤ ስለዚህ ርቀቱ ቢቆጠርም ልምምዱ አልተደረገም። ሸራውን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ መቆም ነው። ሸራው ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ሲቃጠል ገጹ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። የሚሸትተው ሽታ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሲሸት ቆሞ ማቀዝቀዝ ይገባል።

ቀጥሎ የሲንክሮናይዘር ቀለበቶቹ ይመጣሉ። በቀደሙት ካምቢዮዎች ሾፌሩ የሁለቱን ማርሾች ፍጥነት በእግሩና በጆሮው ያመጣጥን ነበር፤ ካልቻለ ጥርሶቹ ይንኳኩ ነበር። የአሜሪካው መኪና አምራች ካዲላክ በ1928 እ.ኤ.አ. ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ ሲያወጣ ይህን ሥራ የሚሠራው ቀለበት ሆነ። ቀለበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከናስ መሰል ብረት ይሠራል። ማርሹ ላይ ባለው ሾጣጣ ገጽ እየተፈተገ ፍጥነቱን ካስተካከለ በኋላ ማርሹ ይገባል። አዲስ ሲሆን፣ በተለይ ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ፣ ማርሹ ጠጠር ማለቱ አያስደነግጥም። በኃይል መግፋት ግን ቀለበቱን ያበላሻል፤ ለአፍታ ጫን አድርጎ ሲጠብቁት ራሱ ይገባል።

እዚህ ላይ የዘይቱ ምርጫ ይነሳል። ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚባሉት የማርሽ ዘይት ደረጃዎች ቁጥራቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው «5 ከ4 ይበልጣል» ብሎ ሳይጠይቅ ይሞላል። ጂኤል-5 የተሰናዳው በመጀመሪያ ለዲፈረንሻል (ኃይልን ወደ ግራና ቀኝ ጎማዎች ለሚያከፋፍለው የማርሽ ዕቃ) ሲሆን ከፍተኛ ጫና የሚቋቋሙ የድኝና የፎስፈረስ ቅመሞች በብዛት አሉበት። አንዳንዶቹ እነዚህ ቅመሞች ሙቀት ላይ የናስ ቀለበቶቹን ይበላሉ፤ ከዚህም በላይ ዘይቱ በጣም አንሸራታች ከሆነ ቀለበቱ መያዝ አቅቶት ማርሹ ይንኳኳል። ለካምቢዮው የታዘዘው ዘይት የትኛው እንደሆነ ከመኪናው መመሪያ ማየት በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ያለዚያ የሚከተለው ግን ሙሉ ጥገና ነው።

ልምምዱ ይበልጥ የሚከብደው ዲፈረንሻል ላይ ነው። የአሜሪካው መኪና አምራች ፓካርድ በ1926 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሃይፖይድ የሚባለው አሠራር ፒኞኑን (ትንሹን ማርሽ) ከኮሮናው (ከትልቁ ክብ ማርሽ) መሐል ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በዚህም የመኪናው ወለል ዝቅ እንዲል አስችሏል። ዋጋው ግን ጥርሶቹ ከመንከባለል ይልቅ እየተንሸራተቱ መሥራታቸው ነው፤ መንሸራተት ደግሞ ሙቀት ያመጣል። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ከተገጠመ በኋላ የሚመከረው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀስታ ነድቶ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ማቆም፣ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም። በመጀመሪያው 800 ኪሎ ሜትር ተጎታች አይጎተትም፤ ከባድ ጭነትም አይጫንም። በመጨረሻ ዘይቱ ይቀየራል። ይህን የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ፍጥነት ሲጨምር የሚሰማ የማያቋርጥ ጩኸት ነው፤ የጀመረ ጩኸት ደግሞ ራሱን አይፈውስም።

እዚሁ ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ሾጣጣ ኩሽኔታዎችም ሲገጠሙ ጠበቅ ተደርገው ነው። አዲስ ኩሽኔታ በመጀመሪያ ሥራው ላይ ጥብቀቱን በከፊል ስለሚያጣ አምራቾች ለአዲሱና ለአገልግሎት የዋለው የተለያየ መለኪያ ይሰጣሉ፤ የአዲሱ ብዙ ጊዜ እጥፍ ገደማ ነው። መካኒኩ አሮጌውን ኩሽኔታ በአዲሱ መለኪያ ካጠበቀው ይግላል፤ አዲሱን በአሮጌው መለኪያ ካሠራው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይላላል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ዓለም ነው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራ-ማቲክን ለ1940 እ.ኤ.አ. ኦልድስሞቢል ካቀረበ ወዲህ በውስጡ የሚይዙትና የሚለቁት በዘይት የረጠቡ ቀጫጭን ሸራዎች ናቸው። ልምምዱ የሚጀምረውም ካምቢዮው ሳይገጠም ነው። ሸራዎቹ ከመገጣጠማቸው በፊት በዘይት መነከር አለባቸው፤ ደርቀው ከተገጠሙ በመጀመሪያው ማርሽ ይቃጠላሉ። ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ዕቃ) ውስጥም ዘይት መፍሰስ አለበት። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ታጥቦ መጽዳት አለበት። ይህን አጥብቄ የምጽፈው ተሠርተው ከወጡ በኋላ ቶሎ የሚሞቱ ካምቢዮዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በአነዳድ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ውስጥ በቀረ የአሮጌው ካምቢዮ ብረት ብናኝ ስለሆነ ነው። ባለቤቱ ካምቢዮውን ከመረከቡ በፊት «ማቀዝቀዣውን አጥባችሁታል?» ብሎ መጠየቁ መብቱ ነው።

ከተገጠመ በኋላ የዘይቱ መጠን የሚለካው በተወሰነ ሙቀት ነው፤ ለብዙዎቹ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቀዝቅዞ ሲለካ የሞላ የሚመስለው ሲሞቅ ሊተርፍ፣ ሞቆ ሲለካ ልክ የነበረውም ሲቀዘቅዝ የጎደለ ሊመስል ይችላል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ደግሞ የድሮውን ካምቢዮ ጠባይ ያስታውሳል። ያረጁት ሸራዎች ዘግይተው ይይዙ ስለነበር ኮምፒውተሩ ግፊቱን አሳድጎ ተላምዷል፤ አዲሶቹ በዚያው ግፊት ሲሠሩ መኪናው ማርሽ ሲቀይር ይዘላል። በስካነር ትውስታው ሲሰረዝና ሾፌሩ ነዳጁን በመጠኑ እየሰጠ በሁሉም ማርሾች ወጥቶ ወርዶ ሲነዳ ኮምፒውተሩ እንደገና ይማራል። በጃፓን ገበያ ተሸጠው ወደኛ የመጡ ብዙ ቪትዞች ያሏቸው ሲቪቲ (በደረጃ ማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠሩ) ካምቢዮዎች የራሳቸውን ዘይት ካላገኙ ቀበቶው ይንሸራተትና ይበላሻል፤ የማኑዋልም ሆነ የተራ አውቶማቲክ ዘይት አይተካውም።

ቶዮታ ለበርካታ ሞዴሎቹ በሚሰጠው መመሪያ በመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር ድንገተኛ ፍሬን እንዳይያዝ፣ በ800 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተጎታች እንዳይጎተት፣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት፣ በድንገተኛ ነዳጅ መስጠት ወይም ረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት እንዳይነዳ ይመክራል። ለተሠራ ካምቢዮም ይህ ጥሩ መነሻ ነው።

በኢትዮጵያ ይህን መጠበቅ ከባድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ጭነት መኪና ከጋራዥ ወጥቶ በማግስቱ ሥራ ላይ ይውላል፤ ቆሞ የሚያድር መኪና ገቢ አያመጣም። ነገር ግን ካምቢዮው ትናንት የተሠራ አይሱዙ ሙሉ ጭነት ይዞ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣቱ አደገኛ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል መውጣት ማለት ነው። ደጋማው አየር ስስ በመሆኑ ማቀዝቀዝ ያዳግተዋል። ሥራ ካልቀረ ቢያንስ ጭነቱን ቀነስ አድርጎ በሜዳ መንገድ፣ ለምሳሌ ወደ አዳማ አቅጣጫ፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለስ ይቻላል። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካምቢዮ ገዝቶ የሚገጥም ሰው ማርሾቹን ማለማመድ አይጠበቅበትም፤ ተላምደዋልና። የፍሪሲዮን ሸራው አዲስ ከሆነ ግን የሸራው ወግ አይቀርም። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት በመከልከሉ ያሉት መኪኖች በጥገና የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፤ ተሠርቶ የወጣን ካምቢዮ በአግባቡ ማለማመድም ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ ያገኛል።

በልምምድ ጊዜ ጆሮ ብዙ ነገር ይለያል። ሞተሩ እየሠራ ማርሽ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚሰማ ድምፅ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጀመረ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚያው ማርሽ ይሄዳል።

የማኑዋል ካምቢዮና የዲፈረንሻል የመጀመሪያው ዘይት ከ800 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቢቀየር የልምምዱ ቆሻሻ ይወጣል። ዘይቱ ሲፈስ ማግኔቱ ያለበትን የማፍሰሻ ቡሎን አውጥቶ ማየት ተገቢ ነው። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ቅባት ከያዘ ጥርሶቹ በሥርዓት ተዳምጠዋል ማለት ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር፣ ጠርዝ ያለው የብረት ቁራጭ ከተገኘ ግን መኪናው ወደ መንገድ አይመለስም፤ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።