የአተነፋፈስ ልምምድ በድሬዳዋ የሥራ ቦታዎች

የአተነፋፈስ ልምምድ የትንፋሽን ፍጥነትና ጥልቀት ለጥቂት ደቂቃ ሆን ብሎ በመቆጣጠር ውጥረትን ማርገብ፣ የተበተነ ሐሳብንም መሰብሰብ ነው። ዕቃም ገንዘብም አይጠይቅም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወረፋ እየጠበቁ ወይም ማሽን እስኪጠገን ቆመው ሊሠሩት ይችላሉ። አማርኛ ትንፋሽን፣ ነፋስን፣ ነፍስንና መንፈስን ከአንድ ሥር ስለሚያወጣ፣ የአንዱ መረበሽ ሌላውን እንደሚረብሽ ለተናጋሪው ማስረዳት ብዙ አይከብድም።

አንድ አዋቂ ሰው አርፎ ተቀምጦ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሲጨነቅ ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ይሆናል፤ ሆዱ ይተውና ደረቱና ትከሻው ብቻ ይነሣሉ። ልብም ይፈጥናል። ልብን «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፣ ትንፋሽን ግን ይቻላል። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ይዘገያል፤ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን ይበልጥ የሚገታው በምናስወጣበት ጊዜ ነውና። ስለዚህ የማስወጫው ጊዜ ከማስገቢያው ሲረዝም ሰውነት ወደ ማረፍ ያዘነብላል። ዘዴዎቹ ስማቸው ቢበዛም፣ ብዙዎቹ የሚለያዩት በቆጠራው ነው።

ከሚታወቁት አንዱ አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ አራት መያዝ፣ አራት ማስወጣት፣ አራት ባዶ መቆየት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አንድሪው ዋይል ያስተዋወቀው ደግሞ አራት ማስገባት፣ ሰባት መያዝ፣ ስምንት ማስወጣት ነው። በድሬ ቀትር፣ ቬንትሌተሩ ሙቅ አየር በሚያዞርበት ጠባብ ቢሮ፣ ሰባት እስኪቆጠር ትንፋሽ መያዝ ለጀማሪ ቅጣት ይመስለኛል። በአፍንጫ አራት ሰከንድ አስገብቶ በከንፈር ስድስት ሰከንድ ማስወጣት ይበቃል። ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ማለት ነው።

ስድስት የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ የጣሊያን ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን የሚደገም የመቁጠሪያ ጸሎት ወይም የሕንድ ማንትራ ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ እኛ መቁጠሪያና ተስቢህ አይናገርም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በተጎራበቱባት ድሬ ዝግ ያለ የማይጣደፍ ምት ምን እንደሆነ ማሳየት ለሚፈልግ አሠልጣኝ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

ሌላው ዘዴ ሁለት ጊዜ አከታትሎ በአፍንጫ ማስገባትና በአፍ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን በቀን አምስት ደቂቃ ለአንድ ወር ያህል የሠሩት ሰዎች፣ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ብቻ ከሚያስተውሉት ይልቅ ስሜታቸው እንደተሻሻለ አመልክቷል። አማርኛ ለዚህ የቀረበ ቃል አለው፦ እፎይ። እኛ እፎይ የምንለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ልምምዱ ሥራው ሳያልቅ እፎይ ማለትን ይጠይቃል።

ድሬዳዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ዛሬ ደረቅ ወደብ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች፣ ዩኒቨርሲቲና ብዙ ባንኮች አሏት። ከዚራ በተባለው ሰፈር ያለ አንድ ባንክን እናስብ፤ ወሩ አልቋል፣ ወረፋው በር ድረስ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ቴለሯ 500 ብር ይጎድልባታል። ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣ ሁለት ጊዜም የተለያየ ድምር መጣ። በቆጠረች ቁጥር ሳታውቀው ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሰው ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ ሲያጠብቅ ይህ የተለመደ ነው። ከጎኗ ያለው ባልደረባ «አቦ ተረጋጊ!» ይላታል፤ በትእዛዝ የተረጋጋ ሰው ግን አላየሁም። ይልቅ ብሩን ታስቀምጥ፣ ትከሻዋን ትጣል፣ በመጀመሪያ ያለውን አየር ሁሉ ታስወጣ። ከዚያ በአፍንጫ አራት፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታ እፍ እያለች ስድስት። ስድስት ዙር አንድ ደቂቃ ነው። የጎደለው ብር በትንፋሽ አይመጣም፤ ሦስተኛው ቆጠራ ግን በማይንቀጠቀጥ እጅ ይቆጠራል።

ትኩረትን በተመለከተ ማስረጃው ውጥረትን ከማርገብ ይልቅ ደከም ያለ ነው። ጥቅሙ በአብዛኛው ከመረጋጋቱ የሚመጣ ይመስላል፤ ቆጠራውም ራሱ ሥልጠና ነው። ሐሳብ ሲሸሽ ራስን ሳይወቅሱ እንደገና ከአንድ መጀመር ያስፈልጋል።

ከተማዋ ግን የራሷ ሁኔታ አላት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። ሙቀት ብቻውን የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ስለዚህ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ ወይም ቀትር ላይ ውሃ ጠጥቶና ጥላ ይዞ መለማመድ ይሻላል። ጫትም አለ። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ከበርጫ ተነሥቶ በምርቃና ወደ ቢሮ የተመለሰ ሰው በአምስት ደቂቃ ትንፋሽ ያንን ማጥፋት አይችልም። ሲሚንቶና ጥጥ በሚቦንበት ክፍል ጥልቅ ትንፋሽ መሳብ ብናኙን ማስገባት ስለሆነ ወደ ውጭ መውጣት ያስፈልጋል። የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ተራ ሲጠብቅ እንጂ እየነዳ ዓይኑን ጨፍኖ አይሞክረውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወረፋው በር ድረስ የሆነው አንድ መስኮት ብቻ ስለተከፈተ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሁለተኛ መስኮት መክፈት ነው። ሠራተኛ ሳይጨምር የትንፋሽ ሥልጠና የሚያዘጋጅ አለቃ ያሾፋል።

ልምምዱ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም፤ በፍጥነት ወይም ከልክ በላይ ጥልቅ አድርጎ መተንፈስ ግን በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ያዞራል፣ ከንፈርንና ጣትን ያደነዝዛል። ያኔ አቁሞ እንደወትሮው መተንፈስ በቂ ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት፣ ትንፋሽ መያዝ ያለበትን ዘዴ ሐኪም ሳያማክሩ ባይጀምሩ ይመረጣል። ደረት ላይ ተጭኖ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዞር ሕመም፣ ወይም ዝም ብሎ በተቀመጡበት የሚያጥር ትንፋሽ ሲመጣ ግን መቁጠሩን ትቶ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።