«ይሄ ልጅ ጠበቃ ይወጣዋል»፦ አሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት ስለመግባት የሚወሩ ስህተቶች

ቤት ውስጥ አፉ የማያርፍ ልጅ ካለ የወደፊት ሥራው በጊዜ ይወሰናል። «ይሄ ጠበቃ ይወጣዋል» ይላል የመጣው እንግዳ ሁሉ። ልጁ አድጎ አሜሪካ ውስጥ ሕግ ልማር ሲል ይህችን ምርቃት ይዞ ይነሳል። ከዚያ ዘመድ አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ጓደኛ ሌላ ይጨምርለታል። ጭራሽ አመልክቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይመክረዋል።

የአመልካቾችን ወረቀት ሳይ እየተደጋገሙ የሚገጥሙኝን እነዚህን ወሬዎች ላንሳቸው። የማወራው ጄዲ ስለሚባለው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ስለሚገባበት የሦስት ዓመት ትምህርት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«አፈኛ ካልሆንክ አይሆንልህም»

ማመልከቻው ላይ ምላስ የሚለካበት ቦታ የለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቃለ መጠይቅም አያደርጉም። የሚለካው ንባብ ነው። ኤልሳት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ተመልከቱት። ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሚታረሙት ሦስት ክፍሎች ናቸው፦ ሁለቱ የክርክር ምዘና፣ አንዱ ንባብ። አራተኛ ክፍልም ትፈተናላችሁ፤ እሱ ግን አይቆጠርም፣ የትኛው እንደሆነም አይነገራችሁም። እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይደርሳል። በፊት ተማሪውን ያስለቅስ የነበረው የእንቆቅልሽ ክፍል ቀርቷል። ከታላቅ ወንድም የተወረሰ መጽሐፍ ካላችሁ ያንን ምዕራፍ ዝለሉት።

ጥያቄው ምን ይመስላል? እኔ አንድ ላውጣ። «አንድ ከተማ አደጋ በሚበዛባቸው መንገዶች ላይ የፍጥነት ካሜራ ተከለ። ከዓመት በኋላ ሲታይ ካሜራ ያለባቸው መንገዶች ላይ የደረሰው አደጋ ካሜራ ከሌለባቸው ይበልጣል። ስለዚህ ካሜራው አልጠቀመም።» ለጆሮ ደህና ይመስላል። ግን ካሜራው የተተከለው ድሮም አደጋ የሚበዛበት ቦታ ላይ ነው። መወዳደር ያለበት ያው መንገድ ካሜራው ከመተከሉ በፊት ከነበረው ጋር ነው። ይህችን ቀዳዳ በደቂቃና በደቂቃ ተኩል ውስጥ ማየት ነው ፈተናው። ቤት ውስጥ ወንድሙን በጩኸት የሚረታው ልጅ እዚህ ጋ ምንም ብልጫ የለውም።

«ፖለቲካል ሳይንስ ካላጠናህ አይቀበሉህም»

ውሸት። ለትምህርት ቤቶቹ ዕውቅና የሚሰጠው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ይህን ወይም ያንን ተማሩ አይልም። ነርስም፣ አካውንታንትም፣ ሙዚቀኛም ይገባል። እንዲያውም የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ፊት ቆሞ የፈጠራ ማመልከቻ መከራከር የሚፈልግ ሰው የሚጠየቀው የሳይንስ ወይም የምሕንድስና ዕውቀት ነው።

«ያ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ውጤት ተረስቷል»

አልተረሳም። ማመልከቻው የሚያልፈው ኤልሳክ በሚባለው ድርጅት በኩል ነው። እሱ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን እስክትይዙ ድረስ የተማራችሁበትን ትራንስክሪፕት ሁሉ ይሰበስባል። ከዚያ ጂፒኤውን በራሱ መንገድ እንደገና ያሰላል። ሥራና ትምህርት አላጣጥም ብሎ ኤፍ ያመጣ፣ ኋላ ኮርሱን እንደገና ወስዶ ኤ ያገኘ ሰው ዩኒቨርሲቲው ኤፉን ስለሰረዘለት ተገላግያለሁ ይላል። ሁለቱም ነጥብ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከታየ ሁለቱም ይገባሉ። የማስተርስ ውጤት ደግሞ ቁጥሩ ውስጥ አይደመርም፤ ይታያል እንጂ። ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተማረ ሰው ነጥቡ ወደ ጂፒኤ አይቀየርም፤ በደረጃ ይገመገምለታል።

ታዲያ የተበላሸ ሴሚስተር ያለው ምን ያድርግ? አንዲት አጭር ማብራሪያ ማያያዝ ይቻላል። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንዳበቃ፣ አለቀ። ይቅርታ መለመን አያስፈልግም።

«ኤልሳት አንዴ ከተበላሸ አበቃ»

አላበቃም። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉንም ውጤት ያያሉ፣ ለጠበቆች ማኅበሩ ሪፖርት የሚያደርጉት ግን የገባውን ተማሪ ከፍተኛውን ነው። ስለዚህ ዓይናቸው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ገደቡ በሕይወት ዘመን 7 ጊዜ ነው። ጂአርኢ የሚባለውን ሌላ ፈተናም የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ በ2016 በሩን የከፈተው የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ኤልሳት ተፈትናችሁ ከሆነ ግን በጂአርኢ ጀርባ መደበቅ አይቻልም።

«ፐርሰናል ስቴትመንት አንባቢውን ማስለቀስ አለበት»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ነው፤ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገጽ ነው። ከሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትሕ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብለው ይጀምራሉ። የቀሩት ደግሞ መከራ ይዘረዝራሉ። ስደት፣ ሕመም፣ ሞት፣ ሁሉም በአንድ አንቀጽ። ችግራችሁን ጻፉ፣ የራሳችሁ ነው። ግን አንባቢው ከዚያ ውስጥ እንዴት እንደምታስቡ ካላየ አዝኖላችሁ ወደሚቀጥለው ፋይል ያልፋል።

አንዲት ልጅ የላከችልኝ ረቂቅ ሦስት አንቀጽ ሙሉ ፍትሕ ነበር። ሥራሽ ምንድን ነው አልኳት። ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር። «ስለሱ ደግሞ ምን ይጻፋል?» አለችኝ። ስታወራ ነው ነገሩ የወጣው። መስኮቷ ላይ «ቲኬት የጠፋበት የሙሉ ቀን ይከፍላል» የሚል ተለጥፏል። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ቲኬታቸውን ጣሉ። ከገቡ ሃያ ደቂቃ አይሆናቸውም፤ ሲገቡ በዓይኗ አይታቸዋለች። ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ አስከፈለቻቸው። ማታ አላስተኛትም። በማግስቱ ለአለቃዋ ጻፈች፦ ደንቡ የወጣው አጭበርባሪን ለመያዝ ከሆነ፣ ካሜራው የገቡበትን ሰዓት እያሳየ ሰው ለምን ይቀጣል?

ይሄው ነው ጽሑፍሽ አልኳት። የተጻፈው ሁለት ገጽ ውስጥ «ፍትሕ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

«ሪኮመንዴሽን ትልቅ ሰው ይጻፍልህ»

ዳኛ ወይም የምክር ቤት አባል የሚያውቅ አጎት ካላችሁ በሰላም ይኑር። ስማችሁን ከሲቪ ላይ አንብቦ የሚጽፍ ባለሥልጣን የሚለው ነገር የለውም። የመጀመሪያ ወረቀታችሁን በቀይ ሞልቶ የመለሰው፣ ከዚያም ስታስተካክሉት ያየው መምህር ይሻላል።

«ድሮ የሆነውን አታንሳ»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ምክር ይህ ነው። ማመልከቻው ስለ እስር፣ ስለ ክስ፣ ስለ ኮሌጅ ዲሲፕሊን ይጠይቃል። በዶርም ውስጥ በቢራ የተያዘ ልጅ «ይህ ደግሞ ይቆጠራል?» ብሎ ዝም ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ የጥብቅና ፈቃድ ሲያመለክት ሰጪው አካል ጠባዩን ራሱ ያጣራል፣ ለሕግ ትምህርት ቤቱ የጻፈውንም ያያል። ሁለቱ ካልገጠሙ ጥያቄው ስለ ቢራው መሆኑ ይቀርና ስለ ውሸቱ ይሆናል። አሮጌ ጥፋት ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ጥያቄውን ግን ቃል በቃል አንብቡት። «ተፈርዶብህ ያውቃል?» እና «ተከሰህ ታውቃለህ?» አንድ አይደሉም። አንዱ ትምህርት ቤት የተዘጋ መዝገብም ይጠይቃል፣ ሌላው አይጠይቅም። ከኢሚግሬሽን ጋር የሚነካካ ነገር ካለበት ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

«ዜጋ ካልሆንክ ጠበቃ አትሆንም»

ይህ በ1973 ያለቀ ነገር ነው። ኮኔክቲከት ውስጥ አንዲት የኔዘርላንድስ ዜጋ ፈቃድ ተከልክላ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ረታችም። ለመማርማ ዜግነት መስፈርት አይደለም።

«ዴድላይኑ ገና ነው»

አብዛኞቹ ሴፕቴምበር አካባቢ ማመልከቻ ይከፍታሉ፣ ወረቀቱንም እንደደረሰ እያዩ መልስ ይሰጣሉ። በፌብሩዋሪ ወይም በማርች ስታስገቡ ወንበሩም የስኮላርሺፕ ገንዘቡም ሳስቷል። ያልተዘጋጀ ወረቀት ለማስገባት መሯሯጥም አይጠቅምም። ኤልሳቱ አምስት ነጥብ የሚጨምር ከሆነ መቆየት ይሻላል።

«ስኮላርሺፕ ካገኘህ አገኘህ ነው»

አንዳንዱ ስኮላርሺፕ ሁኔታ አለበት፦ ከዚህ ነጥብ በታች ከወረድክ ይቀራል። ኮሌጅ ውስጥ 3.0 ቀላል የነበረለት ልጅ ሳያስብ ይፈርማል። ሕግ ትምህርት ቤት ግን የመጀመሪያ ዓመት ነጥብ በአብዛኛው በከርቭ፣ ማለትም ተማሪዎቹን እርስ በርስ በማወዳደር ነው። ሁላችሁም ጎበዝ ብትሆኑም የተወሰነው ሰው የግድ ከታች ይቀመጣል። ገንዘቡ እንዲጨመርላችሁ ወይም ሁኔታው እንዲነሳ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሌላ ትምህርት ቤት ደብዳቤ በእጃችሁ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ 509 የሚባለውን ሪፖርት ክፈቱ። በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ይወጣል። ስንት ተማሪ ሁኔታ ያለበት ስኮላርሺፕ ይዞ እንደገባ፣ ከእነሱም ስንቱ እንደቀነሰበት ወይም እንደተነጠቀ እዚያው ላይ ተጽፏል።