ቻይንኛና ላቲን በአንድ ተርሚናል

ተርሚናል ኮምፒውተርን በጽሑፍ የምናዝዝበት መስኮት ነው። ገጹ በማይታዩ እኩል ሴሎች የተከፋፈለ ነው፤ የተለመደው ልክ 80 ዓምድ በ24 መስመር ነው። 80ው የመጣው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የቀዳዳ ካርድ ሲሆን፣ በ1978 የወጣው የዴክ ኩባንያ ቪቲ100 የተባለ ተርሚናልም በዚሁ ልክ ይሠራ ነበር። በዚህ ገጽ ላይ ከላቲን ፊደላት ቀጭኗ አይ (i)ም ሆነች ሰፊዋ ኤም (m) የሚደርሳቸው አንድ ሴል ብቻ ነው። የቻይንኛ ፊደል ግን ጭረቱ ብዙ ስለሆነ በአንድ ሴል ውስጥ አይነበብም፤ ሁለት ይይዛል። ስለዚህ ለተርሚናል የሚስማማ የቻይንኛ ፎንት (የፊደል ቅርጾች ስብስብ) ማለት የላቲን ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ስፋት ያላቸው፣ ያም ስፋት ከቻይንኛው በትክክል ግማሽ የሆነ ፎንት ነው።

ነገሩ ለጎንደር አንባቢ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ቻይናውያን የጻፉትን ኮድ ሲያወርድ ማብራሪያው በቻይንኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ፒያሳ ላይ የቻይና ስልክ የሚጠግን ወጣትም ሶፍትዌር ሲጭን የፋይሉን ስም ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ፎንት ጎድሏል ማለት ነው። የማይገናኙ የላቲን ምልክቶች ከተደረደሩ ግን ችግሩ የኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር የሚቀመጥበት ስልት ነው፤ የቱንም ያህል ፎንት ቢጫን አይፈታም።

የእጥፍ ስሌቱ የቆየ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው ጂቢ 2312 የተባለው የኢንኮዲንግ ደረጃ 6763 የቻይንኛ ፊደላትን የያዘ ሲሆን፣ በተለመደው አጠቃቀሙ ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ)፣ ለላቲን ደግሞ አንድ ባይት ይመድባል። የባይቱ ቁጥርና የዓምዱ ቁጥር ስለሚገጥሙ ፕሮግራመሩ ባይት ቆጥሮ ሠንጠረዡን ያስተካክል ነበር። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ደረጃ የሚያሰባስበው ዩኒኮድ ከነኢንኮዲንጉ ከዩቲኤፍ-8 ጋር ሲመጣ ይህ ምቾት ቀረ፤ አብዛኛው የቻይንኛ ፊደል ሦስት ባይት ሆነ። በምትኩ ዩኒኮድ የእያንዳንዱን ፊደል ስፋት የሚወስን ሰነድ አዘጋጀ። ተርሚናሉም፣ በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራምም ስፋቱን ከዚህ ከተወሰደ ሠንጠረዥ ያነባሉ። የሁለቱ ሠንጠረዥ ከተለያየ ከርሰሩ (የመጻፊያ ቦታ ጠቋሚው) ፊደሉን ትቶ ወዲያ ይቆማል፤ ለዚህ ፎንቱን መውቀስ ትርፍ የለውም።

ፎንቱ በእርግጥ የሚወቀስበት ቦታ ሌላ ነው። ኩሪየርን የመሰለ የላቲን ፎንት ፊደሉን በ1000 አሃድ (የፎንት ንድፍ መለኪያ) ላይ ለክቶ የ600 ስፋት ይሰጠዋል። ሁለት ሴል 1200 ይሆናል ማለት ነው። የቻይንኛው ፊደል ግን 1000 በ1000 የሆነ አራት ማዕዘን ስለሆነ 200 አሃድ ባዶ ይቀራል፤ ጽሑፉም ጥርሱ እንደ ወላለቀ ሰው አፍ ክፍተት በክፍተት ይሆናል። መድኃኒቱ ላቲኑን ወደ 500 ማጥበብ ነው። የጉግሉ ኖቶ ሳንስ ሞኖ ሲጄኬና የዊንዶውሱ ኤንሲምሰን በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሳራሳ ሞኖ ደግሞ ከመጀመሪያው ጠባብ ሆኖ የተነደፈውን አዮሴቭካ የተባለ የላቲን ፎንት ከቻይንኛ ፊደላት ጋር አዋሕዷል፤ እንደ እኔ ከሆነ ለዓይን የሚሻለው እሱ ነው። የአዶቢው ሶርስ ሃን ሞኖ ግን ስሙ ያሳስታል፦ ላቲኑ 667 አሃድ ስለሆነ ምጣኔው ሁለት ለሦስት እንጂ አንድ ለሁለት አይደለም። ለኮድ ማንበቢያ ያማረ ነው፤ ለተርሚናል አይሆንም። በነጥብ የተሳለው ጂኤንዩ ዩኒፎንት ላቲኑን በ8 በ16፣ ቻይንኛውን በ16 በ16 ስለሚያስቀምጥ መልኩ ባያምርም ልኩ አይዛነፍም።

ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ፎንትኮንፊግ የተባለው ሥርዓት እነዚህን ባለ ሁለት ስፋት ፎንቶች ሊመዘግብ የሚችለው «ሞኖ» (ባለ አንድ ስፋት) ሳይሆን «ዱዋል» (ባለ ሁለት ስፋት) ብሎ ነው። «ሞኖ» የተባሉትን ብቻ የሚዘረዝር ፕሮግራም ታዲያ ፎንቱ ተጭኖም እንደሌለ ይቆጥረዋል። ያኔ የፎንቱን ስም በፕሮግራሙ የቅንብር ፋይል ውስጥ በእጅ መጻፍ ነው። የተለመደውን የላቲን ፎንት አንደኛ፣ የቻይንኛውን ተጠባባቂ ማድረግም ይቻላል፤ ተርሚናሉ ሴሉን ስለሚያስከብር ዓምዱ አይፈርስም፣ የ200 አሃዱ ክፍተት ግን ይታያል።

የሠንጠረዥ ማስመሪያ መስመሮች፣ የግሪክና የሩሲያ ፊደላት፣ ሦስቱ ነጠብጣቦች ስፋታቸው «አሻሚ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ በቻይና ሥርዓት ሁለት፣ በሌላው አንድ ዓምድ ነበሩ። ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም «አምቢዊድዝ» የሚለውን ቅንብር ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ጎንደር ላለ ተጠቃሚ በአንድ ዓምድ መተው ይሻላል፤ ካልሆነ የብዙ ፕሮግራሞች ክፈፍ ይበላሻል።

የእኛ ፊደልስ? ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ እጥፍ ስፋት አልተሰጠውም፤ ሰፊዎቹ ጯና ሟ ሳይቀሩ አንድ ሴል ብቻ ይደርሳቸዋል። የጎንደር ቁም ጸሐፊዎች ብራናቸውን ቢያሰምሩም ለእያንዳንዱ ፊደል ሳጥን አልለኩም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም እንዲሁ ለየፊደሉ የየራሱን ስፋት የሚሰጥ ፎንት ነው። ስለዚህ ተርሚናል ውስጥ ፊደሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ ወይም ጫፋቸው ይቆረጣል። የባይቱ ጣጣም አይቀርልንም። «ጎንደር» አራት ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 12 ባይት ነው። በሲ ቋንቋ የ20 ዓምድ ቦታ ከተያዘለት መጨመር የነበረበት 16 ክፍት ቦታ ነው፤ የሚጨመረው ግን 8 ብቻ ስለሆነ ቀጣዩ ዓምድ ወደ ግራ ይሸሻል።

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የኖቶ ሲጄኬ (የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ) ጥቅል ከነሞኖው ይጫናል፤ ጥቅሉ የጃፓንና የኮሪያ ቅርጾችንም ስለሚይዝ ለቻይና ጽሑፍ «ኤስሲ» (ቀለል ያለ ቻይንኛ) የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አሥር የላቲን ፊደል ተጽፎ ከሥሩ አምስት የቻይንኛ ፊደል ይጻፍ፤ ጫፋቸው ሊገጥም ይገባል። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በተርሚናል በሚያገናኝ መንገድ) ሩቅ ያለ ሰርቨር ለሚጠቀም ሰው ፎንቱ የሚጫነው በእጁ ባለው ላፕቶፕ ላይ እንጂ ሰርቨሩ ላይ አይደለም። ሊኑክስ ያለ ግራፊክስ ሲነሳ የሚመጣው ኮንሶል ግን በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ ስለማይዝ፣ እዚያ ቻይንኛ ለማየት እንደ ኤፍቢተርም ያለ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል።